ቦርሳ ጠባቂው ተማሪና የኒስካነን ሰዓት

ስፖርት ያስተማራችሁም የተማራችሁም ይሄን ታውቁታላችሁ። ፊሽካ ይነፋል፣ ስልሳው ልጅ ሜዳውን ይዞራል። አንድ ልጅ ግን ጥግ ላይ የጓደኞቹን ቦርሳና ሹራብ ታቅፎ ይቀመጣል። ወይ እግሩን ያመዋል፣ ወይ አስም አለበት፣ ወይ ደግሞ ሲሮጥ ስለሚስቁበት ራሱ ፈልጎ ነው የተቀመጠው። «ቦርሳ ጠባቂ» እንለዋለን። እኔ አረርቲ ላይ ማስተማር ከጀመርኩ ስንት ቦርሳ ጠባቂ እንደሾምኩ ቤት ይቁጠረው።

አምና አንዱ ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ መጣና «ቲቸር፣ የኔ ማርክ ከምን ላይ ነው የሚመጣው?» አለኝ። አንድ እግሩ አጭር ነው። ምን ልበለው? «እናያለን» ብዬ ሸኘሁት። ማታ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ አበበ ቢቂላም እኮ በመጨረሻዎቹ የሕይወቱ ዓመታት በእግሩ አይሄድም ነበር። ይሄን ጽሑፍ ያመጣው ያ ጥያቄ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አሁን አሁን ስለ ጤሰማ ሲወራ «ቴክኖሎጂ ለእያንዳንዱ ተማሪ በአቅሙ» የሚባል ነገር ይነሳል። የልብ ምት የሚቆጥር የእጅ ሰዓት፣ እርምጃ የሚቆጥር ስልክ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፕሮግራም የሚያወጣ አፕ። እኛ ጋ ኳስ እንኳን በመከራ ነው የሚገኘው ብለን እንስቃለን። ነገር ግን ሐሳቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም። መሣሪያው ስቶፕ ዎች በነበረበት ዘመን በደንብ ተሠርቶበታል።

ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ኢትዮጵያ የመጣው በ1938 ዓ.ም ነው። ከክቡር ዘበኛ ወታደሮች መካከል አበበ ቢቂላ የሚባል የሸዋ ልጅ ነበር፤ ጃቶ የተወለደ። በ1952 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባ ላይ የማራቶን ማጣሪያ ተደረገና አበበ አሸነፈ። ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ሲሮጥ ስቶፕ ዎቹ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ አሳየ። እዚህ ጋ ቆም በሉ። በጊዜው የኦሊምፒክ ማራቶን ሪከርድ የኤሚል ዛቶፔክ 2:23:03 ነበር፤ ሄልሲንኪ ላይ ባሕር ወለል አጠገብ የተሮጠ። የእኛው ልጅ ከዚያ የተሻለውን የሮጠው 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ አየሩ በሳሳበት ነው። ዓለም አልሰማም። ሮም ላይ ሲያሸንፍ «ከየት መጣ?» ያሉት ጋዜጠኞች ናቸው እንጂ ሰዓቱን የያዙት ሰዎች ሊደነቁ አይችሉም ነበር።

ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ እኛ አገር የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ በ2:15:16 ገባ። በባዶ እግሩ መሮጡን ብዙ ሰው የድህነት ምልክት አድርጎ ያወራዋል። እኔ አይመስለኝም። ጫማ ተሞክሮለታል፤ አልተስማማውም፤ ልምምዱን ደግሞ በባዶ እግሩ ሠርቶ ያውቃል። ስለዚህ ለዚህ ሰው የሚበጀው ባዶ እግር ነው ተባለ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ጫማ አድርጎ ሮጦ 2:12:11 ገባ። ሰውየው ያው ነው፣ የሚያስፈልገው ነገር ግን ተለወጠ።

ስቶፕ ዎች ከሩጫው መስመር አልፎ የልብ ምት ላይ የዋለው ደግሞ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጀርመን ውስጥ ቮልደማር ገርሽለር የሚባል አሰልጣኝና ራይንደል የሚባል የልብ ሐኪም አብረው ሠሩ። ሯጩ የልብ ምቱ 180 አካባቢ እስኪደርስ ይሮጣል፣ ከዚያ ወደ 120 እስኪወርድ ያርፋል። በ90 ሰከንድ ውስጥ ካልወረደ ሩጫው በዝቶበታል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ የእረፍቱን ልክ የሚወስነው የሯጩ የራሱ ልብ ነው። በዚህ መንገድ የሠለጠነው ሩዶልፍ ሃርቢግ እ.ኤ.አ. በ1939 800 ሜትርን በ1:46.6 ሮጦ ሪከርዱ 16 ዓመት ቆየ። ይሄ የአትሌት ቁጥር ነው፤ አስም ያለበትን ልጅ 180 አድርሱ አላልኩም! እ.ኤ.አ. በ1982 የፊንላንዱ ፖላር ያለ ሽቦ የልብ ምት የሚያሳይ የእጅ ሰዓት አወጣ። ዛሬ በውድ የሚሸጡት ሰዓቶች የዚያ ልጆች ናቸው። እኛ ግን ሁለት ጣት አንገት ላይ አድርገን 10 ሰከንድ ብንቆጥርና 20 ብናገኝ ያው 120 ነው። የኔ የእጅ ስልክ ሰከንድ ይቆጥራል፤ ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

ቴክኖሎጂ ሁሉ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ያስባል ማለት አይደለም። እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ከ1996 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት በሳተላይት ገባ። ብዙ ወጪ የወጣበት፣ በቅን ሐሳብ የተጀመረ ነገር ነው። የፕላዝማው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። አዲስ አበባ ያለውም ከገጠር የመጣውም በአንድ ፍጥነት። ያመለጠህ አመለጠህ፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ደግነቱ ሜዳ ላይ ፕላዝማ አይሰቀልም፤ እኔ ግን ፊሽካ ይዤ ስንት ዓመት ያንኑ ሳደርግ ኖሬያለሁ። ሦስት ዙር፣ ለሁሉም።

አርሲ በቆጂ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት መምህር ነበር። ስንታየሁ እሸቱ የተማሪ ቤት የስፖርት አስተማሪ ነው እንጂ የትልቅ ክለብ አሰልጣኝ አልነበረም። በእሱ እጅ ካለፉት ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ አሉ። ላቦራቶሪ አልነበረውም። እኔን የሚያስቀናኝ ሜዳሊያው አይደለም፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ማየቱ ነው። እኔ ስልሳ ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ እንዴት አድርጌ አንድ በአንድ ልይ? እንግዲህ ስልኩ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፤ ዓይን ያመለጠውን ይመዘግባል።

ወደ አበበ ልመለስ። መጋቢት 1961 ዓ.ም መኪናው ተገልብጣ አከርካሪው ተጎዳ። ለሕክምና ወደ እንግሊዝ፣ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ። ያ ሆስፒታል ዝም ብሎ ሆስፒታል አይደለም። ሉድቪግ ጉትማን የሚባል ሐኪም፣ ከናዚ ጀርመን የተሰደደ፣ አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮችን በስፖርት ማከም የጀመረበት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 1948፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ 16 ሰዎችን በቀስት ውርወራ አወዳደረ። የዛሬው ፓራሊምፒክ ከዚያ ነው የመጣው። ጉትማን ሰውየው ምን እንደማይችል ዘርዝሮ አላበቃም፤ ምን እንደቀረለት ፈለገ፣ እሱን ለካ፣ በእሱ አወዳደረ።

አበበም በ1962 ዓ.ም ክረምት እዚያው ስቶክ ማንደቪል ጨዋታ ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ የተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም አረፈ። ሁለት የኦሊምፒክ ወርቅ ያለው ሰው በዊልቸር ሆኖ እኔ ክፍል ቢመጣ ምን አደርገው ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቦርሳ አስይዘው ነበር።

ዘንድሮ አንድ ደብተር ከፍቻለሁ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ። መጀመሪያ ሳምንት ላይ የለካሁትን እጽፋለሁ፣ በየወሩ እደግመዋለሁ፣ ከማርኩ የተወሰነው ልጁ ከራሱ የመጀመሪያ ቁጥር ስንት እንደተሻሻለ ነው። ቁጥሩን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አላነብም። አንድ ጊዜ አንብቤ አንዲት ልጅ ስታለቅስ አይቻለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ደግሞ ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። «ሰነፍ ነው» የምለው አንድ ልጅ ከገጠር ቀበሌ ጠዋትና ማታ በእግሩ እንደሚመላለስ ያወቅኩት ጠዋት ላይ የልብ ምቱን ስንቆጥር ነው። ከሁሉም ያነሰ፣ የሯጭ የሚመስል ምት ነበረው። ለካ ልጁ ሰነፍ ሳይሆን ደክሞት ነው።

ሥራው ቀላል አይደለም፣ ክፍለ ጊዜው አይበቃም፣ ደብተሩም አንዳንድ ሳምንት ባዶ ይቀራል። እኔ የዲፕሎማ መምህር ነኝ፣ ተመራማሪ አይደለሁም።

እግሩ አጭር የሆነው ልጅ ግን አሁን ወንበር ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ኳስ ይወረውራል፣ እኔ በሜትር እለካለሁ። ባለፈው ሳምንት ከራሱ ቁጥር ሁለት ስንዝር አለፈ። ሜትሩን ራሱ ተቀብሎኝ እንደገና ለካው፣ አላመነኝም። ቦርሳዎቹ አጥሩ ሥር ተከምረው ነበር፣ ጠባቂ አልነበራቸውም።