በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ፦ ለከባድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎች የሚደረግ ልየታና ሕክምና

በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቆራረጥ፣ በሕክምና አጠራሩ ስሊፕ አፕኒያ፣ የጉሮሮ ጡንቻዎች ከመጠን በላይ ላልተው የአየር መተላለፊያውን ሲዘጉ የሚፈጠር የጤና ችግር ነው። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ይቋረጣል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ አንጎልም ሰውየውን ለአፍታ ቀስቅሶ ትንፋሹን ይመልሳል። ይህ በአንድ ሌሊት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ታማሚው ጠዋት አንዱንም አያስታውስም፤ የሚያውቀው በቂ ሰዓት ተኝቶም ደክሞት መነሳቱን ብቻ ነው።

ለረጅም ሰዓት መቀመጥ፣ ሰዓቱን ያልጠበቀ አመጋገብና የክብደት መጨመር የከባድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎችን ለችግሩ ይበልጥ ያጋልጣሉ። በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ወደ ጋላፊ በሚዘልቀው የጅቡቲ መስመር ሙቀቱ ራሱ እንቅልፍ ይጋብዛል፤ በመሆኑም ብዙዎች ድካሙን የሥራው ጠባይ አድርገው ይወስዱታል። ጫትና ቡና እንቅልፍን ለጥቂት ጊዜ ያርቃሉ እንጂ ሌሊት የሚዘጋውን ጉሮሮ አይከፍቱም።

ዋነኞቹ ምልክቶች ከፍተኛ ማንኮራፋት፣ የጠዋት ራስ ምታትና በቀን የሚያሸንፍ እንቅልፍ ናቸው። ማንኮራፋቱን የሚሰማው ግን ሌላ ሰው ነው። ስለሆነም አሽከርካሪው ወደ ጤና ተቋም ከመሄዱ በፊት የትዳር አጋሩን ወይም ጋቢና ውስጥ አብሮት የሚያድረውን ረዳት ቢጠይቅ ይመረጣል።

ለመጀመሪያ ልየታ በስፋት የሚያገለግለው መጠይቅ ስምንት ነጥቦች አሉት፦ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሽ ሲቋረጥ መታየት፣ የደም ግፊት፣ ከ35 የሚበልጥ የክብደትና የቁመት ምጣኔ፣ ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የአንገት ዙሪያና ወንድ መሆን። ሦስትና ከዚያ በላይ ያሟላ ሰው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሥራውን እንዳያጣ የሚሰጋ አሽከርካሪ ድካሙን ሊደብቅ ይችላል፤ የአንገቱን ልክ ግን አይደብቅም።

ማረጋገጫው የአንድ ሌሊት ምርመራ ሲሆን ትንፋሽና ኦክስጅን በመሣሪያ ይመዘገባሉ። በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ መቆራረጥ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ደረጃ ነው። አገልግሎቱ በሁሉም ሆስፒታሎች ስለማይገኝ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ማጻፍ ሊያስፈልግ ይችላል።

የሥራ ማጣት ስጋቱ ሙሉ በሙሉ መሠረት የለሽ አይደለም፤ በቀን እንቅልፍ የሚያሸንፈው ሰው ሕክምና አግኝቶ እስኪሻለው ማሽከርከር የለበትም። ሆኖም በሽታው በራሱ ለዘለቄታው ከመሪ አያስወርድም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው መመሪያ መሠረት መካከለኛ ወይም ከባድ ደረጃ ያለበት የጭነት አሽከርካሪ ሕክምናውን በአግባቡ መከታተሉና እንቅልፉ መሻሻሉ በሐኪም ከተረጋገጠ ማሽከርከር ይችላል፤ ቢያንስ በየዓመቱ ግን ዳግም ይመረመራል።

ክብደት መቀነስ፣ ከመኝታ በፊት አልኮል አለመጠጣትና በጎን መተኛት ይረዳሉ። ለመካከለኛና ለከባድ ደረጃ የሚታዘዘው በአብዛኛው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ ነው፤ በአፍንጫ ጭምብል በኩል አየር በግፊት እየላከ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። በየሌሊቱ የሠራበትን ሰዓት ስለሚመዘግብ ለሐኪሙ ማስረጃ ይሆናል። በመንገድ ላይ ለሚያድር አሽከርካሪ በተሽከርካሪው 12 ወይም 24 ቮልት ባትሪ የሚሠራበት ማገናኛ ያላቸው ዓይነቶች ስላሉ ከመግዛት በፊት ይህን ማጣራት ይገባል። የውኃ ማሞቂያ ክፍሉ ብዙ ኃይል ስለሚወስድ ሞተር ጠፍቶ ሲታደር ቢዘጋ ባትሪው እስከ ጠዋት የመቆየት ዕድሉ ይጨምራል።