ከጠፋችው ነጥብ እስከ መርካቶው አረንጓዴ ጨረር

መርካቶ ራጉኤል አካባቢ አንድ ልጅ የሚሸጠውን አረንጓዴ ሌዘር እያበራ ገበያተኛው ፊት ላይ ሲያሽከረክር አየሁና ቆምኩ። ሐኪም ነኝ፣ ዓይናቸው አሳሰበኝ።

ታሪኩ የሚነሳው እ.ኤ.አ. ከ1961 ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ ቀይ የሩቢ ሌዘር በኳርትዝ አሳልፈው ሞገዱ በግማሽ ያጠረ አልትራቫዮሌት አገኙ። ነጥቧ በጣም ደብዛዛ ስለነበረች ጽሑፉ ሲታተም ቆሻሻ መስላ ጠፋች፤ ቀስቱ ባዶ ቦታ ያመለክታል!

ችግሩ አዲሱ ሞገድ ከነባሩ ጋር እርምጃ መሳቱ ነው። በዓመቱ እነ ብሎምበርገን መላ አመጡ፦ ክሪስታሉን በስሱ እየቆረጡ፣ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ገልብጦ መደራረብ። ሞገዶቹ ሊጣሉ ሲሉ ቀጣዩ ሽፋን ያስታርቃቸዋል (የፊዚክስ ሰዎች ይቅር በሉኝ)።

የልጁ ሌዘር እንዲህ አይራቀቅም። ብዙውን ጊዜ በልኩ ማዕዘን የተቆረጠ አንድ የኬቲፒ ክሪስታል፣ የማይታየውን 1064 ናኖሜትር ጨረር ወደ 532 ይቀይራል። በዚሁ 532 ነው ስኳር የጎዳውን ሬቲና የምናክመው። ርካሹ ላይ ግን የተረፈውን ኢንፍራሬድ የሚያስቀር ማጣሪያ ላይኖር ይችላል፤ ዓይን ደግሞ ያላየውን አይሸሽም።

«ማጣሪያ አለው?» አልኩት።

«ባትሪ ነው ያለው፣ እህቴ። ስንት ልስጥሽ?»