ፋፋ ከየት መጣ? የልጅ ምግብ ምክር ታሪክ

ዛሬ ስለ ዘርና ማዳበሪያ አይደለም የምጽፈው፣ ስለ ልጅ ምግብ ነው። ማንበብ ለማይችሉ አንብቡላቸው።

በቅርቡ ሰቆጣ ገበያ አንዲት እናት ዕንቁላል ሸጣ በብሩ ለልጇ ብስኩት ስትገዛ አየሁ። "እህቴ፣ ዕንቁላሉን ራሱን ለምን አታበይውም?" ብላት "ለልጅ የሚሆነው የፋብሪካው ነው ይላሉ" አለችኝ። ማን ነው እንዲህ የሚለው? ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ መንግሥት ከስዊድን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናትን ምግብ የሚያጠና ክፍል አቋቋመ። በኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው እሱ ነው። ባለሙያዎቹ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ዱቄት ወተትና ቫይታሚን አቀላቅለው ለሕፃናት ዱቄት አዘጋጁ። ስሙንም ፋፋ አሉት፣ "ልጁ ፋፋ" ከምንለው የራሳችን ቃል ማለት ነው። ምግቡ ጥሩ ነበር። ግን የሚገኘው በገንዘብ ነው፤ ጎተራው ውስጥ እህል እያለው ጥሬ ብር ለሌለው ገበሬ ሩቅ ነበር።

ቀጥሎ የ1977 ድርቅ መጣ። አባቶቻችን የሚነግሩን ነው፣ ከዋግ ብዙ ሰው ወደ ኮረም መጠለያ ተሰደደ። ያኔ የመጣው ስንዴ፣ ዘይትና ዱቄት ወተት ነፍስ አትርፏል፣ ይህን የሚክድ የለም። ግን እርዳታ ብዙውን ጊዜ የሚላከው ላኪው አገር ከተረፈው ነው። ስንዴና በቆሎ የተረፈው ስንዴና በቆሎ ይልካል። እኛ ጋ ግን "ጥሩ ምግብ በጆንያ ታሽጎ ነው የሚመጣው" የሚል ሐሳብ ቀረ።

ነጋዴውም አለ። የዱቄት ወተት ኩባንያዎች በድሃ አገሮች ለወለደች እናት ነጻ ናሙና ይሰጡ ነበር፤ አንዳንዶቹ ሻጮቻቸውን እንደ ነርስ አልብሰው ይልኩ ነበር። የእናት ጡት ይደርቃል፣ ናሙናው ያልቃል፣ መግዣ የለም። ከዚያ ዱቄቱን በንጹሕ ባልሆነ ውሃ ማቅጠን ነው፣ ልጅም ይሞታል። በግንቦት 1973 የዓለም ጤና ጉባኤ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያና ናሙና የሚከለክል ደንብ አወጣ። 118 አገሮች ደገፉ፣ የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች።

በሐምሌ 2007 ደግሞ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መቀንጨር እስከ 2030 (በፈረንጆቹ) እንዲቆም ቃል ገባ። ስሙም "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ተባለ። አገሩ ሁሉ በዚህ ጉዳይ የሚጠራው የእኛን ከተማ ነው።

የውጭ ምክር ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አዮዲን ያለው ጨው ግዙ። ጤና ጣቢያ ለከሳ ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት መድኃኒት ነው፣ አይሸጥም፣ ለሌላ ልጅም አይከፈልም። ብቻ ምክር ስትሰሙ "የሚመክረኝ ሰው የሚሸጥልኝ ነገር አለው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ።

የፋፋ ዋናው ምስጢር እህልና ጥራጥሬ አንድ ላይ መሆናቸው ነው። ይሄ ደግሞ እቤታችን አለ፦

• እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፣ ውሃም አይጨመርም።
• ከ6 ወር በኋላ 3 ጣሳ ማሽላ፣ ገብስ ወይም ጤፍ ከ1 ጣሳ ሽምብራ ወይም ምስር ጋር። ጥራጥሬውን ቆልቶ ከክቶ አንድ ላይ ማስፈጨት።
• ገንፎው ወፈር ይበል፤ ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም።
• ዕንቁላል ወይም የተፈላ የፍየል ወተት ይጨመርበት። ጾም ቢሆንም ለሕፃኑ ይሰጠው፣ ቤተ ክርስቲያንም ሕፃን ይጹም አትልም። "ዕቃው ይነካል" ለምትሉ የልጁን ድስትና ማንኪያ ለብቻ አድርጉ።
• ጡቱ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል።

ብስኩት አብዛኛው ስንዴና ስኳር ነው። ዕንቁላሉን ከመሸጣችሁ በፊት የልጁን ድርሻ አስቀሩ። ያልገባችሁ ካለ እኔን ወይም የቀበሌያችሁን ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ።