ክብደት መቀነስና የደም ስኳር ማነስ፦ የአንድ ምክር ታሪክ ከቶሮንቶ እስከ ጅማ

የስኳር ሕመምተኛ ክብደቱን እንዲቀንስ መምከር በየጤና ተቋሙ የተለመደ ነው። ምክሩ ለሚገባው ሰው ሲሰጥ ጥቅሙ ታላቅ ነው። ነገር ግን የደም ስኳርን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምግቡን አሳንሶ የመድኃኒቱ መጠን እንደነበረ ከቀጠለ፣ ለደም ስኳር ማነስ ይጋለጣል። ይህ አደጋ ከሕክምናው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞችም የራሱ መልክ እንዳለው ታሪኩ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንሱሊን ከመገኘቱ በፊት ዋነኛው ሕክምና ረኀብ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ አለን ያስፋፋው የጾም ሕክምና የሕሙማኑን ዕድሜ በጥቂቱ ቢያራዝምም ሰውነታቸውን ያመነምን ነበር። በጥር 1922 በቶሮንቶ የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ የተወጋው የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምሰን ክብደቱ 30 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም ነበር። የአዲሱ መድኃኒት መለኪያም በመጀመሪያ የተወሰነው የተራበች ጥንቸልን የደም ስኳር መንቀጥቀጥ እስኪያስከትል ድረስ ዝቅ በሚያደርገው መጠን ነው። እንግዲህ የመድኃኒቱ ኃይልና አደጋው ከጅምሩ በአንድ ሚዛን ተመዝነዋል ማለት ነው።

የሚዋጡት መድኃኒቶች ታሪክም ከዚህ አይርቅም። በ1942 በፈረንሳይ ሞንፔልዬ ከተማ ማርሴል ዣንቦን ለአንጀት ተስቦ ሕሙማን የሰልፋ መድኃኒት ሲሰጥ ከመካከላቸው የደም ስኳራቸው አለቅጥ የወረደ ተገኙ። ኦገስት ሉባቲዬር ምክንያቱን መረመረ፤ ግሊቤንክላማይድን ያስገኘው መንገድም በዚሁ ተጠረገ። በ1957 ዣን ስቴርን ለሕክምና ያስተዋወቀው ሜትፎርሚን ግን ብቻውን ሲወሰድ የደም ስኳርን ከመጠን በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው። በ1993 ውጤቱ የታተመው ታላቁ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ጥብቅ የኢንሱሊን ሕክምና የዓይን፣ የኩላሊትና የነርቭ ጉዳትን እንደሚቀንስ ሲያረጋግጥ፣ ከባድ የደም ስኳር ማነስ በሦስት እጥፍ መጨመሩንም አሳይቷል።

በ2017 በብሪታንያ የታተመው ጥናት ደግሞ ዓይነት 2 ሕመም ካለባቸው ወፍራም ሰዎች 46 በመቶ የሚሆኑት በክብደት መቀነስ መርሐ ግብር ከአንድ ዓመት በኋላ ያለ መድኃኒት ጤናማ የስኳር መጠን ላይ መድረሳቸውን ገልጿል። በዚያ ጥናት የስኳር መድኃኒቶቹ የተቋረጡት አመጋገቡ በተጀመረበት ዕለት እንደነበረ፣ ኢንሱሊን የሚወስዱ ሕሙማንም እንዳልተካተቱ ልብ ሊባል ይገባል።

ይህ ምክር ወደ ጅማ ሲመጣ የተለየ ሕመምተኛ ይገጥመዋል። በ1983 የተቋቋመውና በ1999 የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ተማሪውን ወደ ኅብረተሰቡ የሚያወጣ ትምህርትን መሠረቱ አድርጎ ነበር። በ2000ዎቹ ዓመታትም በጎንደርና በጅማ ዙሪያ በሚገኙ ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶች የስኳር በሽታንና የሚጥል በሽታን የመሳሰሉ ሥር የሰደዱ ሕመሞችን እንዲከታተሉ ሠለጠኑ። የሁለቱ ሕመሞች በአንድ እጅ መያዝ ጠቃሚ ነበር፤ የደም ስኳሩ ወርዶ የሚንፈራገጥ ሰው የሚጥል በሽታ እንደያዘው ሊቆጠር ይችላልና።

ከእነዚህ የገጠር ሕሙማን ብዙዎቹ ቀጫጮች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሕመም ሂዩ ጆንስ በ1955 በጃማይካ ገልጾት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ብሎ መደበው፤ በ1999 ግን ከምደባው አወጣው። በ2009 ስለ ኢትዮጵያ ገጠር የታተመ ጥናት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ጠየቀ። በሚያዝያ 2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ ዓይነት 5 በሚል ስም ዕውቅና ሰጠው። ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ክብደት ቀንስ ማለት ጉዳት ነው፤ ኢንሱሊኑም ቢሆን በጥንቃቄ ካልተመጠነ የደም ስኳሩን በቀላሉ ያወርደዋል።

በሌላ በኩል በጅማ፣ በአጋሮና በሊሙ ገነት ከተሞች ክብደት መቀነስ የሚገባቸው ወፍራም ሕሙማን አሉ። ለእነዚህም ቢሆን የአካባቢው ኑሮ ሊታሰብ ይገባል። በቡና ለቀማ ወራት ከማለዳ ጀምሮ ቁልቁለትና ዳገት የሚመላለስ ሰው ጡንቻው ስኳርን አብዝቶ ይጠቀማል፤ የስኳሩ መውረድ ከሥራው ሰዓታት በኋላ፣ ሌሊት ሊከሰት ይችላል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ መርፌውን ወስዶ ምሳውን የሚተው አይታጣም። ረመዳንም ሌላው ወቅት ነው፤ 13 አገሮችን ያካተተና በ2004 የታተመ ጥናት በዚያ ወር ከባድ የደም ስኳር ማነስ በዓይነት 1 ሕሙማን 4.7 እጥፍ፣ በዓይነት 2 ደግሞ 7.5 እጥፍ መጨመሩን አመልክቷል። በዐቢይ ጾም እስከ ቀትር በኋላ የሚቆይ ክርስቲያንም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያሻዋል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው ክብደት እንዲቀነስ ከመምከሩ በፊት ክብደትን ከቁመት ጋር ያመዛዝን፤ የሚወሰደውን መድኃኒት፣ የሚበላበትን ሰዓትና የሥራውን ጠባይ ይጠይቅ። ሕመምተኛው ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ከሆነ ምግቡ ሲቀነስ መጠኑ አብሮ ይከለስ፤ ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ሰው ግን ፈጽሞ እንዳያቋርጥ ይነገረው። የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሲወርድ፣ ወይም መለኪያ በሌለበት ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ሲታይ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጦ መጠጣትና ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መመርመር ይገባል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ጤና ተቋም ተወስዶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠው።

ቡና በሚፈላበት ቤት ስኳር ከረከቦቱ አይርቅም። ስኳር በሽታ ስላለብኝ ስኳር አልነካም የሚል ሕመምተኛ ግን በዚያች ሰዓት ስኳር መድኃኒቱ መሆኑን፣ ከእርሱም ጋር ቤተሰቡ፣ አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።