የሚሰማ ሕመም

«ፋይብሮማያልጂያ» ከሦስት ባዕድ ቃላት የተሰፋ ስም ነው። «ፊብራ» በላቲን ክር፣ «ሚስ» በግሪክ ጡንቻ፣ «አልጎስ» ደግሞ ሕመም። ይኸው «ሚስ» በግሪክ አይጥም ነው፤ ክንድ ሲታጠፍ ከቆዳ ሥር ሽው የሚለውን አይጥ ብለው ጠሩት። ሮማውያንም «ሙስኩሉስ»፣ ትንሿ አይጥ፣ አሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋወርስ እ.ኤ.አ. በ1904 ያወጣለት ስም «ፋይብሮሳይቲስ» ነበር፤ መድረሻ ቅጥያው ብግነትን ያመለክታል። ብግነቱ ግን ቢፈለግ ታጣ። በ1976 ቅጥያው ተጥሎ «ማያልጂያ» ተተካ፤ ከእብጠት ስምነት ወደ ሕመም ስምነት ዞረ። እርማቱ ግን ግማሽ ነው፤ ክሩ በስሙ ውስጥ ቀርቷል፣ ጡንቻውም ተጨምሮበታል፤ የችግሩ ዋና ምንጭ ግን ጡንቻው አይደለም።

ሐረር ውስጥ ይህን ስም የሚጠራው ሐኪሙ ነው። ከጊዲር መጋላ ሸምታ የተመለሰች እናት «ቁርጥማት ነው» ትላለች። ጎረቤቷ «ብርድ ገብቶሽ ነው»፣ ልጇ «ነርቭ ነው» ይሏታል። ቁርጥማት የ«ቆረጠመ» ልጅ ነው፤ ቆሎ የሚቆረጠምበት፣ ውሻ አጥንት የሚቆረጥምበት ግሥ፤ ይህ ሕመም ጥርስ አለው። ብርድ ከግእዙ «በረደ» ነው፤ «በረድ» ወንድሙ፣ የዐረብኛው «በርድ» የአጎቱ ልጅ። ውጋት ከ«ወግአ»፣ ራስ ምታት ከ«መታ»። የባዕዱ ስም ቦታ ይጠቁማል፤ የእኛዎቹ ድርጊት ይናገራሉ። ለዚህ በሽታ ድርጊቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ዛሬ ትከሻ፣ ነገ ዳሌ፣ ከነገ ወዲያ መላ አካል ለሆነ ሕመም ቦታ አይጸናለትም።

በግእዝ «ሐመምኩ» የሚል ሰው የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት እሱ ነው። አማርኛ ይህን በ«ታመምኩ» ጠብቆ ሌላ መንገድም ከፈተ፦ «አመመኝ»። እዚህ ባለቤቱ ሕመሙ ነው፤ ሰውዬው ተሳቢ ነው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ቆረጠመኝ፣ ነዘረኝ ሁሉ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። በሐረር ገበያ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ሰው «ነ ዹኩባ» ይላል፤ ሶማሊኛ ተናጋሪው «ኢ ሐኑናያ»። በሁለቱም ሰውዬው ተሳቢ ነው። ከአማርኛ በቅርንጫፍ የሚለዩ ጎረቤታሞች በዚህ አንድ ነገር ከእሱ ጋር መስማማታቸው ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የሚያምታታው ግን «ጉልበት» ነው። የግእዙ ቃል «ብርክ» ነበር፤ በረከ፣ ባረከ፣ በረከት ከዚያው ይወለዳሉ። አማርኛ «ተንበረከከ» በሚለው ውስጥ አጥንቱን አስቀርቶታል፤ «ብርክ ያዘኝ» ስንል ደግሞ የጉልበት ስም የመንቀጥቀጥ ስም ሆኗል። ለክፍሉ የቀረልን «ጉልበት» ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን ነው፦ በአፋን ኦሮሞ «ጅልባ»፣ በሶማሊኛ «ጅልብ»። አማርኛ የኃይልንም ትርጉም ጨመረበት። እንግዲህ ታማሚዋ «ጉልበቴ ከዳኝ» ስትል መገጣጠሚያዋን ነው ወይስ አቅሟን? ሐኪሙ ሳይጠይቅ ወደ ራጅ ከላካት ፎቶው ንጹሕ ሆኖ ይመጣል፤ እሷ ግን የተናገረችው ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ ደክማ ስለ መነሣቷ ነው።

አሁን ወደምወደው ሥር ልምጣ፦ ሰ-ም-ዐ። «ሕመም ይሰማኛል» እንላለን። ጆሮ የሚያገኘውንና አካል የሚያገኘውን አማርኛ በአንድ ግሥ ያዛቸው፤ «ስሜት» ከ«ሰማ» ወጣ። የበሽታው ምርምርም የሚነግረን ወደዚህ የቀረበ ነው፦ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሕመምን መልእክት ያጎላሉ፤ ሬዲዮ ድምፁ ከልክ በላይ እንደተከፈተ። ሌላ ሰው ልብ የማይለው ጫና ለታማሚዋ ጩኸት ነው። ብዙ ታማሚዎች ደግሞ የጆሮውን ድምፅም አይችሉም። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ «መኪና ግርግር» ይባላል፤ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። «መኪና» ከጣሊያንኛው «ማኪና» ነው፤ «ግርግር» የራሳችን። መንገዱ ለጤነኛ ደስ የሚል ነው፤ ይህ ሕመም ላለባት ሴት ግን ማለዳ ሳይሞቅ ማለፉ ይቀላል።

ሥሩ እዚህ አያበቃም። በግእዝ «ስምዕ» ምስክርነት ነው፤ «ሰማዕት» መስካሪዎች ናቸው። ግሪኩ «ማርቲስ»ም መጀመሪያ ምስክር ነበር። ፋይብሮማያልጂያን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ራጅም የለም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1990 በአካል ላይ 18 ነጥቦችን ወስኖ፣ መላ አካልን ያዳረሰ ሕመም ላለበት ሰው ሲጫኑ ቢያንስ 11ዱ ካመሙ በሽታው ነው አለ፤ በ2010 ባወጣው መስፈርት ግን ነጥቦቹን ትቶ ታማሚው የሚናገረውን ቆጠረ። ምርመራው ስምዕ ሆነ፤ ሰሚ ያስፈልገዋል።

ሰሚው ማን ይባላል? «ሐኪም» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ ጥበበኛ ማለት ነው። ከሐረር በስተ ደቡብ ያለው የሐኪም ተራራ ስሙን ያገኘው ከአው ሐኪም ነው፤ «አው» በሐረሪ አባት፣ የቅዱሳን ማዕረግ ነው። የዐረቡ ሐኪም «ጠቢብ» ይባላል፤ በግእዝ ደግሞ ጠቢብ ጥበበኛ ነው። ቀይ ባሕርን ሲሻገሩ ሁለቱ ቃላት ልብስ ተለዋወጡ! «ጠይብ»ም ከዚሁ ጠቢብ ነው፤ እጁ የሚያውቅ ሰው።

ታማሚዋ ጠዋት «ድቅቅ ብያለሁ» ትላለች። ደ-ቀ-ቀ፦ ዱቄት፣ ደቂቅ፣ ደቂቃ። ዐረብኛውም «ደቂቅ» ለዱቄት፣ «ደቂቃ» ለሰዓት ክፋይ ይላል። ሕመሙና መላው ከአንድ ሥር መገኘታቸው የቋንቋ ዕድል ነው፤ ኑሮዋን የምታቀናው ሥራን በደቂቃ በማድቀቅ ነውና። ሊጡን አቡክታ ትቀመጣለች፤ ወለሉን ግማሹን ጠርጋ ታርፋለች፤ ደኅና በሆነችበት ቀን የሳምንቱን አትጨርስም፤ የጨረሰችው ቀን ሦስት ቀን ያስተኛታልና። የሐረሪ ቤት ለዚህ ያመቻል፦ ቀይ የተቀቡት ነደባዎች፣ እኛ መደብ የምንላቸው፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ ናቸው። ዝቅተኛው ላይ መቀመጥ ቀላል ነው፤ ከዚያ መነሣት ግን ወገብን ይፈትናል፤ ስለዚህ ከፍ ያለውን መምረጥ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ምክር በጽኑ የደገፉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንቅስቃሴ፤ በጥቂቱ ተጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨመር። መድኃኒቶቹ የሚያግዙት ከዚያ በኋላ፣ እንደየሰው ነው።

ሕይወት ፋናም ሆነ ጀጎል ሆስፒታል ስትሄድ «ቁርጥማት አለብኝ» ብላ እንዳታቆም እመኛለሁ። በዚያ አንድ ስም ሥር ብዙ ግሦች ተደብቀዋል። «ይተሳሰራል» ካለች ሐኪሙ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሚፍታታ ይጠይቃታል። «ያብጣል፣ ይቀላል» ካለች መገጣጠሚያው ይመረመራል፤ ፋይብሮማያልጂያ ብቻውን አያሳብጥምና። «ይደነዝዛል» ካለች የትኛው ጣት ብሎ ይከተላታል። «ተኝቼ ደክሜ እነሣለሁ» ካለች ደግሞ ወንበሩን ስቦ ስለ እንቅልፏ ይጠይቃታል።