የገንዘብ ዓይነትን ከመዝገብ ስለ መዝጋት

ሉካ ፓቾሊ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፉ፣ ነጋዴ በልዩ ልዩ ገንዘብ ቢገበያይም በዋናው መዝገብ የሚደመረው አኀዝ በአንድ ዓይነት ገንዘብ ሊሆን እንደሚገባ አስተምሯል። ይህ ደንብ ከአምስት መቶ ዓመታት በኋላ በዚያው በአውሮጳ ብርቱ ፈተና ገጠመው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1999 አሥራ አንድ አገሮች የገንዘባቸውን ተመን ከዩሮ ጋር በማይለወጥ አኳኋን አሰሩ። አንድ ዩሮ 1.95583 የጀርመን ማርክ፣ 6.55957 የፈረንሳይ ፍራንክ፣ 1936.27 የኢጣልያ ሊሬ ሆነ። የዩሮ ኖትና ሳንቲም ግን እስከ 2002 መባቻ ስላልወጣ፣ ነጋዴው በእነዚያ ሦስት ዓመታት በዩሮ መሥራት ይፈቀድለት ነበር እንጂ አይገደድም ነበር። ስለዚህም የሒሳብ ፕሮግራሞች አሮጌውንና አዲሱን ገንዘብ ጎን ለጎን መያዝ ነበረባቸው።

በ1997 የወጣው ደንብ ጥብቅ ነበር። ተመኑን ማሳጠርም ሆነ መገልበጥ ተከለከለ፤ ማርክ ወደ ፍራንክ የሚለወጠውም በቅድሚያ ወደ ዩሮ ከተለወጠ በኋላ ነበር።

ከሁሉ የከበደው ግን አሮጌው ገንዘብ ከመዝገብ የሚዘጋበት ጊዜ ነው። አንድ ደንበኛ እያንዳንዳቸው 10 ማርክ የሆኑ ሦስት ዕዳዎች አሉበት እንበል። አንድ በአንድ ሲለወጡ 5.11 ዩሮ ስለሚሆኑ ድምራቸው 15.33 ነው። በአንድነት 30 ማርክ ሲለወጥ ግን 15.34 ይሆናል። አንድ ሳንቲም በገበያ ከቁጥር አትገባም፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ግን ዝርዝሩና ዋናው መዝገብ አልተስማሙም ማለት ነው። ልዩነቱን የሚቀበል ራሱን የቻለ ሒሳብ መክፈት፣ የቀድሞዎቹንም ሰነዶች በተጻፉበት ገንዘብ ጠብቆ ማቆየት ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ዛሬም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ለምሳሌ ኩዊክቡክስ በተባለው ፕሮግራም የብዙ ገንዘቦችን አሠራር አንድ ጊዜ የከፈተ ድርጅት መልሶ ሊዘጋው አይችልም። ምክንያቱን ለመረዳት አያስቸግርም። በውጭ ገንዘብ የተመዘገበ ተሰብሳቢና ተከፋይ፣ ከምንዛሪ ለውጥ የተገኘ ትርፍና ኪሳራ ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ተዋሕዷል፤ ያን መንቀል ያለፈውን ዓመት ሚዛን ማፍረስ ይሆናል።

እንግዲህ የውጭ ንግዱን ያቆመ ድርጅት የሚጠብቀው ሥራ ግልጽ ነው። ተሰብሳቢውን ሰብስቦ፣ ተከፋዩን ከፍሎ፣ በውጭ ገንዘብ የተያዘውን ቀሪ ሁሉ ዜሮ ያደርሳል። ከዚያም ወይ እነዚያን ሒሳቦች ከአገልግሎት ያወጣል፣ ወይም በተመረመረ ሚዛን አዲስ መዝገብ ይከፍታል፤ አሮጌውንም ለኦዲተር ያኖራል። አንድን ገንዘብ ወደ መዝገብ ለማስገባት የአንድ ሰው ፈቃድ ይበቃል፤ ለማስወጣት ግን ዕዳው ሁሉ መጠናቀቅ አለበት።