ሃርዲን ያላየው ግጦሽ፦ ጓሳና የሳይንስ ማኅበረሰብ እምቢታ

አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ጋሬት ሃርዲን በ1968 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ለሁሉም ክፍት የሆነ አንድ ግጦሽ እናስብ ብሎ ጻፈ። እረኛው ከብት በጨመረ ቁጥር ጥቅሙ ለራሱ፣ ጉዳቱ ለሁሉም ስለሚሆን መስኩ ማለቁ አይቀርም አለ። በጽሑፉ ውስጥ የተለካ መስክም የተቆጠረ ከብትም የለም። ሐሳቡ ግን በሥነ ምህዳርም በኢኮኖሚክስም እንደ ሕግ ተያዘ።

በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ፣ መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ የተባለው የጋራ የሣር መሬት ቄሮ በተባለ ነባር የአጠቃቀም ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የአስቦና የጌራ አቅኚ አባቶች ዘሮች ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ አለቃ እየመረጡ፣ መሬቱን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር። መጀመሪያ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለውን ማስረጃ ማንም በትእዛዝ አላገደውም፤ አሳሳቢነቱም እዚህ ላይ ነው። የሃርዲንን ሞዴል ተምሮ ያደገ ምሁር በጋራ የሚተዳደረውን የስዊዘርላንድ የተራራ ግጦሽ ወይም የመንዝን ሣር ሲያነብ «ልዩ አጋጣሚ» ብሎ ያልፈዋል። አንዱ ማስረጃ በአንትሮፖሎጂ፣ ሌላው በደን ጥናት ስለሚቀር ተደምሮ አይታይም። ሶሲዮሎጂስቱ በርናርድ ባርበር በ1961 እ.ኤ.አ. በዚያው በ«ሳይንስ» መጽሔት፣ ሳይንቲስቶች ራሳቸው ግኝትን እንደሚቃወሙ፣ ተቃውሞውም ከነባር ንድፈ ሐሳብ፣ ከዘዴ ምርጫና ከሙያ ክብር እንደሚመነጭ አሳይቶ ነበር። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮም የተበተነውን ማስረጃ በ1990 እ.ኤ.አ. መጽሐፏ ሰበሰበች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘች። ሃርዲንም በ1994 እ.ኤ.አ. ክርክሩ የሚሠራው አስተዳደር ለሌለው የጋራ ሀብት መሆኑን ጻፈ። እርማቱ ግን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያህል አልተነበበም።

የጓሳ ታሪክ አስተዳደር ባለውና በሌለው የጋራ ሀብት መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ ይፈትናል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም አብሮ ፈረሰ፤ አጠቃቀሙ ልቅ ሆነ። ተመራማሪዎቹ ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊና ናይጄል ሊደር ዊሊያምስ በ2005 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በጥናት አቅርበዋል። መሬቱ ከአዋጁ በፊትም የጋራ ነበር፤ የተለወጠው የመዝጋትና የመክፈት ሥልጣን ያለው አካል መጥፋቱ ነው። የሃርዲንን ሞዴል ሲያስተምር የኖረ ሰው ግን ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ያለውን ጓሳ ብቻ ቢያይ ሞዴሉ ተረጋገጠ ይላል።

እምቢታው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ቄሮ በዘር በሚወረስ የመሬት መብት፣ በአጽመ ርስት፣ ላይ የቆመ ነበርና ከአቅኚዎቹ ዘር ያልተወለደ የመጠቀም መብት አልነበረውም። ይህን እየዘለሉ ጓሳን የእኩልነት አብነት አድርገው የሚያቀርቡ ጽሑፎችም የማይመቻቸውን ማስረጃ «ልዩ አጋጣሚ» እያሉ ነው። ዛሬ በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር ባለው ጓሳ ላይ ማን እንደሚያጭድና ማን እንደሚከለከል ቤት ለቤት ተቆጥሮ ይቅረብ፤ ውጤቱም ለሃርዲን ተከታዮች ወይም ለኦስትሮም ወዳጆች ቢጎረብጥ በዚያው መልኩ ይታተም።